በአንድ ሽፍት ውስጥ የ8 ወር ሕፃንም የ80 ዓመት አዛውንትም፤ እንዴት ነው የምትቀያይሩት?

አዲሷ ነርስ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ በሙያው ላላችሁ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። እስካሁን የሠራሁት ቀዶ ሕክምና ክፍል ነበር። እዚያ የሚተኙት አብዛኞቹ ጎልማሶች ናቸው። የቱ ጋ እንደሚያማቸው ይነግሩኛል፣ ዞር በሉ ስላቸው ይዞራሉ። ከሁለት ወር በፊት ግን ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ተዛወርኩ። እዚህ ድንገተኛ ክፍሉ አንድ ነው። አራስ ልጅም፣ የ16 ዓመት ልጅም፣ በምርኩዝ የሚሄዱ አባትም የሚመጡት እኔው ጋ ነው።

ባለፈው ሳምንት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ልጃቸው ደግፏቸው መጡ። ካርዳቸው ላይ ዕድሜ 70 ይላል። ልጃቸው "ከትናንት ጀምሮ ይቀባዥራሉ፣ እህልም አልቀምስ ብለዋል" አለኝ። ሙቀት ለካሁ፣ 36.8። ሳል የላቸውም። "እንዴት ነዎት እማማ?" ስላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ" አሉኝ። ልጃቸው እርጅና ነው መሰለኝ ሲል እኔም በልቤ ተስማማሁና ወረፋ እንዲጠብቁ ጥግ ላይ አስቀመጥኳቸው። የኦክስጅን መለኪያዋ አንድ ናት፣ ሕፃናቱ ጋ ነበረች፣ ሄጄ አላመጣኋትም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሐኪሙ ሲያያቸው ኦክስጅናቸው 84 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የሳንባ ምች ነበር። ተርፈዋል፣ በስድስተኛው ቀን በእግራቸው ወጥተዋል። እኔ ግን እስካሁን ያ ጥግ ሲታየኝ ደረቴ ይጨንቀኛል።

በዚያው ቀን የሦስት ዓመት ልጅ ለሦስት አስይዤ አራት ጊዜ ወጋሁት። ካኑላው፣ ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ፣ አልገባልኝም። ማታ ቤት ገብቼ ጩኸቱ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ትምህርት ቤት የዕድገት ደረጃዎችን ተምሬያለሁ፣ ፈተናም አልፌያለሁ። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትሄዱ ምን ትቀይራላችሁ? መጀመሪያ ምን ታያላችሁ?

የሕፃናት ክፍል፦

አይዞሽ እህቴ። ዘጠኝ ዓመት ሕፃናት ክፍል ሠርቻለሁ፣ አራት ጊዜ የወጋሁበት ቀን እኔም አለኝ።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ ቅደም ተከተሉ ነው። አዋቂ ሲመጣ ከየትኛውም ልኬት ብትጀምሪ ብዙ ለውጥ የለውም። ልጅ ላይ ግን ከነካሽው በኋላ የምታገኚው ቁጥር የበሽታው ይሁን የልቅሶው አታውቂም። ስለዚህ እናቱ ታቅፋው እንዳለ፣ ሳትቀርቢ፣ ሳትነኪ፣ ልብሱን እሷ ገለጥ ታድርግልሽና ትንፋሹን ቁጠሪ። ሙሉ አንድ ደቂቃ። 15 ሰከንድ ቆጥረሽ በአራት አታባዢ፣ የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለም። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። አዋቂ ላይ 40 ብታዪ ትሮጫለሽ፣ የአራት ወር ሕፃን ላይ ግን 40 ደህና ነው። ከዚያ የደረት መሰርጎድ እዪ። ከዚያ የልብ ምት። ሙቀት ቀጥሎ። ጆሮና ጉሮሮ መጨረሻ ላይ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ልጁ አንቺን አያምንም።

ሁለተኛው እናቶች ናቸው። "ዝም በል፣ ሲስተር መርፌ ትወጋሃለች" ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል። እኔ በር ላይ እያሉ ነው የማስቆማቸው። በቁጣ ሳይሆን "እማዬ፣ እኔን ማስፈራሪያ አታድርጊኝ፣ ነገም ይመጣልኛል" እላለሁ። ይስማማሉ።

ለሦስት ዓመት ልጅ "አያምም" አትበዪው። ያማል። አንዴ ከዋሸሽው በቃ። "ይቆነጥጥሃል፣ እስከ አምስት እንቆጥራለን። ማልቀስ ትችላለህ፣ እጅህን ግን ለእኔ ያዝልኝ" በዪው። ደግሞ ምርጫ ስጪው፤ መወጋቱን አይመርጥም፣ ቀኝ ወይስ ግራ የሚለውን ግን ይመርጣል። ሦስት ሰው ከላዩ ከሚወጣበት እናቱ ጭኗ ላይ አድርጋ ደረቷ ላይ አጥብቃ ብታቅፈው ይሻላል። ጡት የሚጠባ ከሆነ እየጠባ ውጊው፣ ሕመሙ በእርግጥ ይቀንስለታል። ቀጭኑን፣ ቢጫውን ካኑላ ተጠቀሚ። ሁለት ጊዜ ሞክረሽ ካልገባ ሌላ ሰው ጥሪ። እኔ ይህን ሕግ አድርጌዋለሁ፣ ማንም አይቀየመኝም።

መርፌ በጡንቻ ከሆነ ደግሞ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጭን ላይ ነው፣ ቂጥ ላይ አይደለም። ትልቁ የእግር ነርቭ ያለው ቂጥ ላይ ነው።

አዲሷ ነርስ፦

እግዜር ይስጥልኝ። 15 ሰከንድ ቆጥሬ በአራት ነበር የማባዛው። መድኃኒት መስጠት ላይስ? ፓራሲታሞል ሽሮፕ እንኳ ስሰጥ እጄ ይፈራል።

የሕፃናት ክፍል፦

ፍራቻሽ ጥሩ ነው፣ አትተዪው። በዕድሜ አትስጪ፣ በኪሎ ስጪ። ሚዛን ሳይወጣ መድኃኒት የለም። ፓራሲታሞል ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፣ ቢያንስ አራት ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከአራት ጊዜ አይበልጥም። 12 ኪሎ ለሆነ ልጅ ከ120 እስከ 180 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አደጋው ጠርሙሱ ላይ ነው። አንዱ ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 120 አለው፣ ሌላው 250 አለው። መልካቸው ይመሳሰላል። በመጀመሪያው 5 ሚሊ ሊትር ትክክል ነው፣ በሁለተኛው ግን ያው 5 ሚሊ ሊትር ከመጠን ያለፈ ነው። እናትየዋንም "አንድ ማንኪያ" ብለሽ አትሸኚያት። የቤት ማንኪያ ስንት እንደሚይዝ አታውቂም፣ የሾርባው ማንኪያ የሻዩን ሦስት እጥፍ ይይዛል። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ስጫትና እስከየት እንደምትስብ በእስክሪብቶ አስምሪላት።

የውስጥ ደዌ ነርስ፦

እኔ ወንድ ነርስ ነኝ፣ የምሠራው ውስጥ ደዌ ክፍል ነው፣ ከታካሚዎቼ ግማሽ ያህሉ ሽማግሌና ባልቴት ናቸው። የእማማን ታሪክ ሳነብ አዘንኩ፣ ግን አልገረመኝም። ስንማር የሳንባ ምች ማለት ትኩሳት፣ ሳል፣ የደረት ውጋት ነበር። ያ የጎልማሳ የሳንባ ምች ነው። በዚያ ዕድሜ ትኩሳት ላይኖር ይችላል፣ ሳልም ላይኖር ይችላል። የመጀመሪያው ምልክት መቀባዠር፣ ምግብ መተው ወይም መውደቅ ሊሆን ይችላል። የሽንት ኢንፌክሽንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አስታማሚው "ከትናንት ጀምሮ" ካለ እርጅና አይደለም። እርጅና ከትናንት አይጀምርም። እኔ ሁልጊዜ "ባለፈው እሑድ እንዴት ነበሩ?" ብዬ እጠይቃለሁ። "ቤተ ክርስቲያን ሄደው መጡ" ካሉኝ አጣዳፊ ነው፣ ወረፋ የለም። ኦክስጅን፣ ትንፋሽ፣ ስኳር፣ ወዲያው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" የሚለውን በተመለከተ፣ እሱ ሰላምታ ነው፣ የሕመም መልስ አይደለም። አባቶቻችን ቢሞቱም "ደህና ነኝ" ነው የሚሉት። ስለዚህ እንዴት ነዎት ብለሽ አትጨርሺ። "ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? ምን ቀሰቀሰዎት? እስከ በሩ ሄደው ለመመለስ ስንት ጊዜ ያርፋሉ?" በያቸው። ቁጥር ይሰጡሻል።

ጾሙንም ጠይቂ። ብዙዎቹ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም፣ ኪኒንም አይውጡም፣ የሚደብቁት እንዳትቆጪያቸው ነው። የስኳር መርፌ ወስደው ጾም ከዋሉ ስኳራቸው እንደሚወርድ ታውቂዋለሽ። እኔ "ጾም ይዘዋል አባቴ?" እላለሁ፣ እንደ ወግ። ከያዙ ክርክር አልገጥምም፣ የንስሐ አባታቸውን አስጠራለሁ። እሳቸው አንድ ቃል ሲናገሩ የእኔ የሰዓት ምክር የማያደርገውን ያደርጋል። ረመዳን ላይም ለሚጾሙት ጥያቄው ያው ነው።

ውሃ አለመጠጣት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። ጥማት ራሱ በዕድሜ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ሆን ብለው አይጠጡም፣ ምክንያቱም ከጠጡ ፖፖ መጠየቅ ሊኖርባቸው ነው። አንድ አባት ሁለት ቀን ሙሉ ምላሳቸው እንደ ቆዳ ደርቆ ኩባያውን ባዶ አድርገው ይመልሱልኝ ነበር፤ ለካ ከአልጋው ሥር ነው የሚደፉት። ከሴት ነርሶች ፖፖ መቀበል አፍረው ነው። እኔ ራሴ መጋረጃ ስቤ መስጠት ስጀምር መጠጣት ጀመሩ። ድርቀት ስታዪ የእጅ ቆዳ ቆንጥጠሽ አትፍረጂ፣ በዚያ ዕድሜ ቆዳው እንዲሁም አይመለስም። ምላስና ሽንት እዪ።

ግሉኮስ ስትሰቅዪ ለእነሱ ቀስ አድርጊው። ልባቸው ካልቻለ ሳንባቸው ውሃ ይሞላል። ክንድ ላይ የምታስሪውን ቱርኒኬት ላላ አድርጊ፣ ካልሆነ ሥሩ ገና ስትወጊው ይፈነዳል። ፕላስተሩን ስታነሺም ቆዳውን በሌላ እጅሽ እየያዝሽ ቀስ ብለሽ ነው፣ አለበለዚያ ቆዳው አብሮ ይነሳል። ከአልጋ ለማይነሱት በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ይህን ብቻሽን አትችይውም፣ አስታማሚውን አስተምሪው። ጅራት አጥንትና ተረከዝ በእጅሽ ዳብሺ፤ በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ቶሎ አይታይም፣ ሙቀቱና ጥንካሬው ግን ይሰማሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካርድ ላይ ያለውን ዕድሜ አትመኚው። ብዙ ጊዜ ግምት ነው። "ጣልያን ሲወጣ ምን ያህል ነበሩ? ንጉሡ ሲወርዱ ስንት ልጅ ነበረዎት?" ብለሽ ጠይቂ። ለመድኃኒቱም ይጠቅማል፤ የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ለ55 ዓመት ሰውና ለ85 ዓመት ሰው አንድ አይደለም፣ ኩላሊቱም ጨጓራውም አይችለውም።

የአባቱ አስታማሚ፦

እኔ ነርስ አይደለሁም። አባቴን ለ40 ቀን ያህል ሆስፒታል ያስታመምኩ ሰው ነኝ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ከልባችሁ ትሰሙኛላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

አባቴ በሕይወቱ ሙሉ ቤቱን ያስተዳደረ ሰው ነው። ሆስፒታል በገባ ቀን ነርሷ አልጋው አጠገብ ቆማ እኔን "በልቷል? ሽንት ወጥቶታል?" አለችኝ። አባቴ ነቅቶ እያያት። ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ሥራ በዝቶባት ነው። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና እስከ ማታ አልተናገረም። "አንተ" ማለቷን እኔ ልለፈው፣ እሱ አላለፈውም።

ሌላዋ ነርስ መጣች። "አባቴ፣ ምን ብዬ ልጥራዎት?" አለችው። ስሙን ነገራት። በግራ ጆሮው እንደማይሰማ ስነግራት ዞራ በቀኝ በኩል ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ ድምጿን ወፈር አድርጋ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። የእግር ቁስሉን ለማንም አላሳይም ያለውን ለሷ አሳያት። ሦስት ደቂቃ ቢፈጅባት ነው።

ሜሪላንድ ያለችው፦

ለአስታማሚው፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ያልከው እውነት ነው።

እኔ አሜሪካ ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው፣ እዚህ አካባቢ ሐበሻ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ነው። የመርሳት በሽታ ላለባቸው ያለኝን ልናገር። አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አሉን። እንግሊዝኛ ይችሉ ነበር፣ አሁን ጠፍቶባቸዋል፣ የቀራቸው አማርኛ ብቻ ነው። እኔ በሌለሁበት ሽፍት ላይ "ትማታለች" ተብሎ ይጻፍባቸዋል። እኔ ስገባ ግን የሚማቱት ቀኝ ትከሻቸውን ሲነኩ ብቻ እንደሆነ አየሁ። ሕመም ነበር። መናገር ለማይችል ሰው ፊቱን እዪ፣ ስታገላብጪው ቅንድቡ ሲኮማተር፣ እጁን ሲጨብጥ፣ ሲያቃስት። ሕፃን ላይ እንደምታዪው ማለት ነው፣ ግን እባክሽ እንደ ሕፃን አታናግሪያቸው። አመሻሽ ላይ "ወደ ቤቴ ውሰዱኝ" ሲሉ "ቤትዎ እዚህ ነው" ብዬ አልከራከርም። "ቤትዎ የት ነው? ግቢው ውስጥ ምን ተክለዋል?" እላቸዋለሁ። ስለ ጌሾው ሲነግሩኝ እጃቸው ይረጋጋል።

ደረጃ 4 ነርስ፦

ጎረምሶቹን ሁላችሁም ረሳችኋቸው! የ15፣ የ16 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር "ሆዷን አሟታል" ተብላ ስትመጣ መልሱን ሁሉ የምትመልሰው እናትየዋ ናት። እናትን ካርድ እንድታወጣ ወይም ውሃ እንድታመጣ ላኪና ልጅቷን ብቻዋን ጠይቂያት፣ የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ጭምር። ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና በዚህ መንገድ ነው የሚያመልጠን። ልብሷን ከማውለቋ በፊት መጋረጃውን ሳቢ። ለወንዱም ሳቢለት፣ እሱም ያፍራል።

አዲሷ ነርስ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ሽፍት ሠርቼ ነው የመጣሁት።

ትናንት አንዲት እናት የሰባት ወር ልጅ አቅፋ መጣች፣ ልጁ ተኝቷል። ሳልነካው ቆጠርኩ፣ 64። ደረቱም ይሰረጎዳል። ቀጥታ አስገባሁት። ዛሬ ጠዋት ኦክስጅን ላይ ሆኖ ጡት ሲጠባ አየሁት።

ማታ ደግሞ ጉልበታቸውን ያመማቸው አባት መጡ። ካርዳቸው 75 ይላል፣ ዳይክሎፌናክ መርፌ ታዞላቸዋል። "ምን ብዬ ልጥራዎት?" ስላቸው "አሥር አለቃ በይኝ" አሉኝ። ከዚያ ጣልያን ሲወጣ ምን ያህል እንደነበሩ ጠየቅኳቸው። "በግ እጠብቅ ነበር፣ አውሮፕላን አይቼ በጎቹን ጥዬ ሮጥኩ" አሉ። ጣልያን የወጣው በ1933 ነው፣ 90 አልፈዋል ማለት ነው። ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነገርኩት። ካርዱን ተቀብሎ ዕድሜውን አስተካከለ፣ መርፌውንም ሰርዞ ፓራሲታሞል ጻፈ።