በስሜን ተራሮች ማረፊያ የእናቴን ኢንሱሊን እንዴት ላቆየው?

ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር ነዋሪ ስሆን፣ በታኅሣሥ መጨረሻ እናቴን ይዤ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች በመውጣት፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ በሚገኝ የሣር ክዳን ማረፊያ 3 ሌሊት ለማደር ቀብድ ከፍያለሁ፤ ጭላዳዎቹን ከደጃፍ ሆና እንድታይ ብዬ ነበር። ይሁን እንጂ መብራቱ ከፀሐይ ኃይል የሚገኝና ማታ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚበራ፣ ማቀዝቀዣም የሌለው መሆኑን የሰማሁት ገንዘቡን ካስገባሁ በኋላ ነው።

እናቴ ኢንሱሊን ትወጋለች። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ እንዳለበት፣ አንዴ በረዶ ከሠራ ደግሞ ቢቀልጥም እንደማያገለግል አውቃለሁ፤ ስለዚህ የሚያስጨንቀኝ የሌሊቱ ውርጭ ነው። ለብርዱ የሚሰጡት ፍል ውሃ የተሞላ የላስቲክ ከረጢት ነው፤ ብልቃጡን ከእሱ አጠገብ ማኖር ግን ሌላ ጥፋት ይሆናል። በጨርቅ ጠቅልዬ ባዶ ፔርሙዝ ውስጥ ብከተው እስኪነጋ ይጠብቀዋል? በዚያ ከፍታ መድኃኒት ይዛችሁ ያደራችሁ ብትመክሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።