አምብሬላ ወይስ የራስ ሊሚትድ? የ6 ወር ኮንትራት፣ ለንደን

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሶፍትዌር ሙከራ የ6 ወር ኮንትራት አግኝቻለሁ፤ ክፍያው በቀን 300 ፓውንድ ነው። ኤጀንሲው «ኢንሳይድ አይአር 35 (ለግብር ሲባል እንደ ተቀጣሪ የሚያስቆጥር ሥራ) ስለሆነ በአምብሬላ (በመካከል ሆኖ እንደ አሠሪ ደመወዝ በሚከፍል ድርጅት) ግባ» ይለኛል። ሊሚትድ (የራሴን ኩባንያ) ብከፍት ግብሩ አይቀንስም ወይ?

መልስ 1፦ ኢንሳይድ ከተባለ አይቀንስም። ደንበኛው መካከለኛ ወይም ትልቅ ድርጅት ከሆነ፣ በግሉ ዘርፍ ከኤፕሪል 2021 ወዲህ ኢንሳይድ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው እሱ ነው። ሊሚትድ ብትከፍትም ገንዘቡ የሚገባልህ ግብርና ናሽናል ኢንሹራንስ (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) ተቆርጦ ነው፤ ትርፉ የአካውንታንት ወጪ ብቻ ይሆንብሃል። ይልቅ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ስጡኝ በል። ካላመንክበት ለደንበኛው ተቃውሞ አስገባ፤ በ45 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ 300ው ደመወዝህ እንዳይመስልህ። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ፔይስሊፕ (የደመወዝ ወረቀት) ሲደርሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው፤ የአሠሪው ናሽናል ኢንሹራንስም የሚወጣው ከዚያው ገንዘብ ነው። 5 ቀን ብትሠራ 1,500 ፓውንድ ይገባል። አምብሬላው ለራሱ 20 ወሰደ እንበል። የአሠሪው ናሽናል ኢንሹራንስ በሳምንት ከ96 ፓውንድ በላይ ባለው ላይ 15 በመቶ ነው፤ 180 ገደማ ይሄዳል። የአፕረንቲስሺፕ ሌቪው (አሠሪ ለሥራ ልምምድ ሥልጠና የሚከፍለው) 0.5 በመቶ፣ ወደ 6.50 ነው። ቀሪው 1,294 ጥቅል ደመወዝህ ይሆናል። የታክስ ኮድህ የተለመደው 1257ኤል ከሆነ፣ ጡረታ ሳይቆረጥ 953 ገደማ እጅህ ይገባል። የዓመት ፈቃድ ክፍያህም (12.07 በመቶ) እዚያው ውስጥ ነው። በየሳምንቱ ይከፈልህ ወይስ ይጠራቀምልህ የሚለውን ሳትፈርም ጠይቅ፤ የተጠራቀመውን ዓመቱ ሳያልቅ ካልጠየቅክ ልታጣው ትችላለህ።

መልስ 3፦ ሊሚትድ የሚያዋጣው አውትሳይድ (እንደ ተቀጣሪ የማትቆጠርበት ሥራ) ሲሆን ነው፤ ማለትም ሌላ ሰው ተክተህ መላክ ስትችል፣ አሠራሩን ራስህ ስትወስን፣ የተበላሸውንም በራስህ ወጪ ስታስተካክል። ያኔ እስከ 50,000 ፓውንድ ትርፍ ላይ 19 በመቶ የኮርፖሬሽን ታክስ ትከፍላለህ። ዲቪደንድ (ከኩባንያው ለራስህ የምታወጣው ትርፍ) ላይ ደግሞ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ 10.75 በመቶ፣ በቀጣዩ እርከን 35.75 በመቶ አለ፤ ከደመወዝ ጋር የነበረው የድሮው የግብር ልዩነት ጠቧል። የኮርፖሬሽን ታክሱ የሚከፈለው የሂሳብ ዓመቱ በተዘጋ በ9 ወር ከ1 ቀን ስለሆነ፣ ገንዘቡን ለብቻው አካውንት አስቀምጠው። ቪዛህንም እይ፤ በተማሪ ቪዛ ሊሚትድ ከፍቶ መሥራት ክልክል ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ አምብሬላ ደግሞ «85 በመቶውን እጅህ እናስገባለን» አለኝ።

መልስ 2፦ እባክህ ራቅ! በዚህ ክፍያ በሕጋዊ መንገድ 85 በመቶ አይገኝም፤ ከላይ ያለው ስሌት 64 በመቶ እንኳ አልሞላም። ከፊሉን በደመወዝ፣ ከፊሉን «ብድር» ወይም «አድቫንስ» ብለው ይልኩልሃል። የግብር መሥሪያ ቤቱ ኤችኤምአርሲ በኋላ ያልተከፈለውን ግብር ከነወለዱ አንተን ሊጠይቅህ ይችላል። በየሳምንቱ ፔይስሊፑ ላይ ያለውን የተጣራ ክፍያ ባንክ ከገባልህ ጋር አስተያይ፤ ባንክ የገባው ከበለጠ፣ ልዩነቱ ግብር ያልተከፈለበት ገንዘብ ነው።