የትንንሾቹ የቤት ሥራ፦ ለዞኑ ትምህርት መምሪያ የምናስገባው ሐሳብ

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን፦
ሰላም ወላጆች። በስብሰባው እንደተባባልነው የትንንሾቹን የቤት ሥራ መብዛት ነገር ወደ አንድ ገጽ እናምጣው። ሰሚ የምናገኘው ቁርጥ ያለ ነገር ስንጠይቅ ነው፣ ምሬቱንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለመነሻ ይቺን ጻፍኩ፦ «የቤት ሥራ በቀን ለአንደኛ ክፍል ከ10፣ ለሁለተኛ ከ20፣ ለሦስተኛ ከ30 ደቂቃ አይለፍ። ይህም የሁሉም ትምህርት ድምር ነው።» የአሥር ደቂቃው ስሌት አሜሪካ ውስጥ የታወቀ ነው፣ የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሐሪስ ኩፐርም ይደግፈዋል። እሱና ባልደረቦቹ የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምገማ የቤት ሥራና ውጤት ያላቸው ዝምድና ከፍ ባሉት ክፍሎች ጠንከር ይላል፣ በታችኞቹ ግን ደካማ ነው። እስቲ ሳታዝኑልኝ ተቹት።

እናት፣ ደብረ ብርሃን፦
ደቂቃው ደስ ይላል፣ ግን በማን ፍጥነት ነው የሚለካው? የእኔዋ የግል ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን «የፊደል ገበታውን ሁለት ጊዜ ጽፈሽ ነዪ» ተባለች። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ናቸው፣ ሁለቴ ሲሆን 462 (ቨ ሳትቆጠር!)። መምህሯ ግማሽ ሰዓት ይበቃል ብላ አስባ ይሆናል። ልጄ ግን በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ተከናንባ፣ እየጻፈች እያጠፋች፣ እኔ እየተቆጣሁ እሷ እያለቀሰች፣ እራቱ ቀርቦ ቀዝቅዞ እንኳ አልጨረሰችም። በዚያ ላይ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ወርክሺት አለ። ፊደሉን እኮ ታውቀዋለች። ምን ልትማርበት ነው?

መምህርት፣ ሁለተኛ ክፍል፦
የእኛንም ስሙልን። የቤት ሥራ ካልሰጠሁ ወላጅ በር ላይ ጠብቆ «ቲቸር፣ ዛሬ ልጄ ባዶ ደብተር ይዞ መጣ» ይለኛል። የግሎቹ ጋ ደግሞ የባሰ ነው፣ ወላጅ የከፈለው ብር ሥራ ላይ መዋሉን የሚያየው በደብተሩ ነው። እኔ የማስተምረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ነው። ያን ሁሉ ደብተር በአንድ ክፍለ ጊዜ ማረም አይታሰብም፣ ስለዚህ ራይት እያደረግሁ አልፋለሁ። ማን እንደጻፈው ደግሞ ያስታውቃል፣ የታላቅ እህት የእጅ ጽሑፍ አይደበቅም። ከሁሉ የባሰው ግን ማርክ መስጠታችን ነው። ከተከታታይ ምዘናው 5 ወይም 10 ስንመድብለት፣ አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅ አስጠኚው የሠራበትን ማርክ ይወስዳል። ከደቂቃው በፊት «ማርክ አይሰጥበት» የሚለው ይግባ።

አባት፣ መሐል ሜዳ፦
መምህርቷ ያሉት ልክ ነው። ግን የከተማውን ችግር ብቻ አትጻፉ። መንዝ ገጠሩ ውስጥ ልጁ ከትምህርት ቤት እንደገባ ደብተሩን ጥሎ በግ ይዞ ይወጣል። በጎቹን አስገብቶ ሲቀመጥ መሽቷል፣ መብራት ያለው አለ፣ የሌለው አለ። እናት አባት ካልተማሩ «አሳዪኝ» የሚላት እናት፣ «አሳየኝ» የሚለው አባት የለውም። ሳይሠራ ሲሄድ ይቀጣል፣ ቅጣቱን ሲፈራ ይቀራል። ይሁንና ጨርሶ ይቅር የምትሉ ካላችሁ አልስማማም። እኛ ጋ ልጁ መጽሐፉን ቤት ውስጥ ካልገለጠ ሌላ የሚያነበው ነገር የለም። ያንብብ። ጮክ ብሎ፣ አንድ ገጽ። አያቱ ይስሙት፣ ሰው ከጠፋም ለበጎቹ ያንብብላቸው።

እናት፣ ሸዋ ሮቢት፦
የበጎቹ ነገር ተመችቶኛል። ቻይና በ2021 እ.ኤ.አ. ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል የጽሑፍ የቤት ሥራ እንዳይሰጥ ከልክላለች፣ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ደግሞ ከ60 ደቂቃ እንዳይበልጥ ብላለች። እኛም «የጽሑፍ» የምትለዋን እናስገባ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን እጃቸው ነው። ቤት ካልጻፉ ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ ምን ሊሆኑ ነው?

መምህርት፣ ሁለተኛ ክፍል፦
መጻፍ ክፍል ውስጥ ነው፣ እኔ እያየሁት። እርሳስ አያያዙን ቤት ውስጥ ማን ያርምለታል? «ሠ»ን ከታች ወደ ላይ የሚጽፍ ልጅ በደጋገመው ቁጥር ስህተቱን ነው የሚለምደው። የጎዳን ንባቡ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ደግሞ ሳያነብ አሳምሮ የሚገለብጥ ልጅ ሞልቷል፣ ደብተሩን ስታዩት ጎበዝ ይመስላችኋል።

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን፦
እሺ፣ የእኔን ረቂቅ ቀድጄዋለሁ። አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል የጽሑፍ የቤት ሥራ ይቅር። በምትኩ ልጁ በቀን 10 ደቂቃ ያህል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጮክ ብሎ ያንብብ። የሚያዳምጠው ሰው የግድ የተማረ መሆን የለበትም። ሦስተኛ ክፍል በድምሩ ከ30 ደቂቃ አይለፍ። ለቤት ሥራ ማርክ አይሰጥ፣ ያልሠራ ልጅም አይቀጣ።» የግሎቹንም ይጨምራል። እነሱ «ወላጅ ነው የሚጠይቀን» ማለታቸው አይቀርም፣ ለዚያ መልስ መስጠት ያለብን እኛው ነን።

አባት፣ መሐል ሜዳ፦
መጽሐፉስ? አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ልጅ እያካፈሉ ቤት ወስደህ አንብብ ማለት ቀልድ ነው። «ለእያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ ይድረስ፣ እስኪደርስ ተራ በተራ ይውሰዱ» በሉልኝ።

እናት፣ ደብረ ብርሃን፦
የበዓል ዋዜማ ላይ ንባቡም ይቅር። ዶሮ እየተገነጠለ ማን ቁጭ ብሎ ሊያዳምጥ ነው?

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን፦
ሁለቱም ገብተዋል። የቀረን ሦስተኛ ክፍል ነው፣ 30 ይብዛበታል፣ 20 ይሁን ያሉኝ አሉ። እስከ ሐሙስ ማታ በሉኝ፣ ዓርብ አትሜ ለሰብሳቢው እሰጣለሁ። ከመሐል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት ለፊርማ የሚመጡት እነማን እንደሆኑ በውስጥ መስመር አሳውቁኝ።