የጡንቻ መድኃኒት ረቂቅ፦ እስከ ዓርብ አስተያየት

ጸሐፊ፦ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ጡንቻን ስለሚያሽመደምዱ መድኃኒቶች የተዘጋጀው ረቂቅ ይኸው፤ ባለፈው ከተስማማንበት ሌላ አልጨመርኩም። አንደኛ፣ ከማኅበሩ ቀሪ ገንዘብ ቲኦኤፍ (ነርቭ አራት ጊዜ ሲቀሰቀስ ጡንቻው የሚመልሳቸውን አራት ምቶች) የሚለኩ መሣሪያዎች ተገዝተው ለአባላት ይከፋፈላሉ፤ አውራ ጣት ላይ የሚለካው ውድር (የአራተኛው ምት ኃይል ለመጀመሪያው ሲካፈል) 0.9 ሳይሞላ የመተንፈሻ ቱቦ አይወጣም። ሁለተኛ፣ የመድኃኒቱን ኃይል የሚሽረው ኒዮስቲግሚን አራቱም ምቶች ሳይመለሱ አይሰጥም። ሦስተኛ፣ ሲሪንጆቹ ላይ «ጡንቻ ማዝናኛ» የሚል ቀይ መለያ ይለጠፋል። የመሣሪያውን ዋጋ የሚያጣራ ሰው እፈልጋለሁ።

አዲሱ አባል፦ እኔ አጣራለሁ። እስከ ረቡዕ ስጡኝ።

የሌሊት ተረኛ፦ «ማዝናኛ» ይውጣ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን፣ ሮኩሮኒየምን፣ የተወጋ ሰው አይዝናናም፤ እያወቀ፣ እየሰማ መተንፈስ ያቅተዋል። መድኃኒቱ አያስተኛም፣ ሕመምም አያስታግስም። እንቅልፍ ያጣ ተረኛ «ማዝናኛ» የሚለውን አንብቦ ለሚወራጭ በሽተኛ ቢሰጠውስ?

ጸሐፊ፦ ቀይ መለያ እያየ? ሦስት ወር የለፋሁበትን ረቂቅ በአንድ ቃል አታስቁምብኝ።

የሌሊት ተረኛ፦ ሌሊት ሲሪንጁን የሚያነሣው ሰው ረቂቅሽን አላነበበም። የሚያነበው ያቺን አንድ ቃል ነው።

ፋርማሲስት፦ እውነቱን ነው። «ማላሊያ» ቢባልም ያው ነው፤ ዲያዜፓምና ባክሎፌንም ጡንቻ ያላላሉ። እነሱ የሚሠሩት ግን ከላይ፣ ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ነው። የእኛዎቹ ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት ቦታ የአሴቲልኮሊንን፣ ማለትም ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን ኬሚካል፣ ተቀባይ ይይዛሉ። ከእኛዎቹ ሱክስ (ሱክሳሜቶኒየም) ጡንቻውን አንዴ ያንቀጠቅጠውና ከዚያ ያዝለዋል፤ ቬኩሮኒየም ሳያንቀጠቅጥ መንገዱን ይዘጋል። «የነርቭና የጡንቻ መገናኛ ማገጃ» ይባል።

አንጋፋው፦ ይህ ሁሉ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ ሊጻፍ? ዕድሜያችንን ሙሉ «ሪላክሳንት» ብለን ሠርተናል። ማንም አልተሳሳተም።

የሌሊት ተረኛ፦ ጋሼ፣ ስለለመዱት ነው የማይታይዎት።

አንጋፋው፦ ለመድክ አትበለኝ። ሲሪንጅ አያያዝ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። መሣሪያ መግዛቱም ገንዘብ መበተን ነው፤ ሌላው ማርከሻ፣ ሱጋማዴክስ፣ ይገዛና ነገሩ ይለቅ።

ፋርማሲስት፦ አይለቅም። ሱጋማዴክስ ሮኩሮኒየምንና ቬኩሮኒየምን እንጂ ሌላውን ማገጃ፣ አትራኩሪየምን፣ አይዝም፤ ሱክስንማ ጭራሽ። መጠኑስ? ሁለተኛው ምት ተመልሶ ከሆነ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም፣ እገዳው ገና ጥልቅ ከሆነ 4፣ ትልቅ የሮኩሮኒየም መጠን ሰጥተው ወዲያው መመለስ ከፈለጉ 16። ምቱን ሳይቆጥሩ የትኛውን ይሰጣሉ?

የማገገሚያ ክፍል ነርስ፦ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ቃል ስትጻጻፉ አነበብኩ። አንድ በሽተኛ ቱቦው ወጥቶ መጣልኝ። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ 5 ሰከንድ ይዟል ተብሏል። የዐይኑ ቆብ ግማሽ ላይ ቀርቷል፤ ጣቶቹ አንሶላው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ሲተነፍስ ሆዱ ሲነሣ ደረቱ ይገባል። ኦክስጅኑ ከ97 ወደ 84 ሲወርድ ጭምብል ይዤ ተነፈስኩለት። በማግስቱ «ስሜን ስትጠሪው እሰማ ነበር፤ አለሁ ልልሽ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ» አለኝ። ለሱ ቃሉ ምን ይረባዋል? መሣሪያውን ግዙ።

የሌሊት ተረኛ፦ ይኸው! «ማዝናኛ» የሚለው የሚደብቀው ይህንን ነው።

የማገገሚያ ክፍል ነርስ፦ እኔ ስለ ቃሉ አላወራሁም።

አንጋፋው፦ ትናንት ተቆጥቼ ነው የጻፍኩት፤ ይቅርታ። ነርሷ ያለችው በእኔም እጅ ደርሷል። በዓይንም በእጅም ብንከታተል፣ ውድሩ 0.4 ካለፈ የምቱን መድከም አንለይም። ከ0.4 እስከ 0.9 ያለው በጨለማ የምንሄድበት መንገድ ነው። መሣሪያው ላይ ያልኩትን አንሥቻለሁ። ቃሉ ግን «ትንፋሽ ያቆማል» ይሁን። አጭር ነው፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ይረዳዋል።

የሌሊት ተረኛ፦ በዚህ እስማማለሁ።

ፋርማሲስት፦ እኔም። ግን የመድኃኒቱ ስም ከማስጠንቀቂያው በላይ፣ ተልቆ ይጻፍ። መለያ ካሳተምን አይቀር ለቫያሉም (ለመድኃኒቱ ብልቃጥ) ይሁን፤ ሱክስ ከፍሪጅ የወጣበት ቀን የሚሞላበት ቦታ ይኑረው። ከ14 ቀን በላይ ውጭ የቆየ እየተሰጠ «ሱክሱ አልሠራም» የሚል ቅሬታ ሰልችቶኛል።

የሌሊት ተረኛ፦ ለኒዮስቲግሚንም የተለየ ይታተም፤ ቀይና ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው።

ገንዘብ ያዥ፦ አራት ዓይነት መለያ ለሁሉም አባል ከታተመ ለመሣሪያ የሚተርፍ ገንዘብ የለም። የመሣሪያውን ዋጋም እስካሁን አላየሁም። ረቡዕ ካለፈ ስንት ቀን ሆነ?

ጸሐፊ፦ አዲሱ አባል ስልክ አያነሣም። ተክቶ የሚያጣራ አለ?

ጸሐፊ፦ ማንም ስላልመለሰ ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬ ለቦርድ ልኬአለሁ። አንደኛ፣ «ትንፋሽ ያቆማል» የሚለውን ጨምሮ አራት ዓይነት መለያ ይታተማል። ሁለተኛ፣ ኒዮስቲግሚን ያለው እንዳለ ነው። መሣሪያው ዋጋው ሲታወቅ በሚቀጥለው በጀት ይታያል።

የማገገሚያ ክፍል ነርስ፦ አራቱ ምቶች መመለሳቸው በምን ይታያል ታዲያ?

አንጋፋው፦ አንድ አሮጌ ነርቭ ቀስቃሽ አለኝ። ውድር አይለካም፤ አውራ ጣቱ ስንቴ እንደዘለለ ግን ታይበታለሽ። ባትሪ ቀይሬ ሰኞ ላምጣልሽ?

የማገገሚያ ክፍል ነርስ፦ ያምጡልኝ። ጠዋት ተረኛ ነኝ።