«መጥቶልኝ ነው» የተባለ ግጥም ይታረማል ወይስ አይነካም?

— እዚህ ግሩፕ ላይ አንድ ልጅ ግጥም ለጥፎ ሦስተኛው ስንኝ ቤት አይመታም ሲባል «እንደዚህ ነው የመጣልኝ አልነካውም» ብሏል፣ እኔ ደግሞ ልጁ ልክ ነው ባይ ነኝ። ግጥም ይመጣል እንጂ አይሠራም። በጀርመንኛ የሚጽፈው ገጣሚ ሪልከ እኮ እኤአ በ1912 ዛሬ ጣልያን ውስጥ ባለው ዱይኖ ግንብ አጠገብ ንፋስ ውስጥ ሲንሸራሸር ነው «የዱይኖ ኤሌጂዎች» የተባሉት የሐዘን ግጥሞቹ የመጀመሪያዋ ስንኝ ድምፅ ሆና የመጣችለት። ከውጭ የመጣን ነገር በምን ሥልጣን ነው የምታርመው?

— ሪልከን ካነሳህማ ጨርሰው እንጂ! የዱይኖ ኤሌጂዎቹ ያለቁት በ1922 ነው፣ አስር ዓመት ሙሉ፣ መሀል ላይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም አለ ድብርቱም አለ።

— እሺ፣ ግን በዛው በ1922 ፌብሩዋሪ ኤሌጂዎቹን ሲጨርስ 55 ሶኔት (ባለ 14 መስመር ግጥም) አብሮ ወረደለት፣ በአንድ ወር! ልፋት ብቻ ቢሆን የለፋ ሁሉ ሪልከ ይሆን ነበር። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅስ? «ኩብላ ካን» የተባለ ግጥሙን እንቅልፍ ላይ ሆኖ ነው የገጠመው፣ ነቅቶ ሲጽፍ እንግዳ መጥቶ አቋረጠው እንጂ ከ200 መስመር በላይ ነበር።

— ያን ያለው ራሱ ኮልሪጅ ነው፣ በ1816 ግጥሙን ሲያሳትም መግቢያው ላይ። እዛው ላይ እንቅልፍ የወሰደው የፐርቻስን የጉዞ ታሪኮች መጽሐፍ ሲያነብ፣ ያውም የሞንጎሉ ንጉሥ የኩብላ ካን ቤተ መንግሥት የተወራበት ቦታ ላይ መሆኑንም ይነግረናል፣ ስለዚህ ያነበበው ነው በሕልም የተመለሰለት። ደሞ የእጅ ጽሑፉ አለ፣ ግጥሙ ውስጥ ሀበሻዊቷ ልጅ የምትዘፍንለት ተራራ እዛ ላይ «አማራ» ነው የሚለው፣ የታተመው ላይ «አቦራ» ሆኗል። አየህ ሕልሙንም አርሞታል!

— ፐርቻስን ያነበቡት ሁሉ ግን አላለሙትም።

— እሱን እቀበላለሁ፣ ለምን እሱ ላይ እንደመጣ እስካሁን ማንም አሳምኖ አላስረዳኝም። የምከራከረው «አልነካውም» የምትለዋ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ገጣሚ ሃውስማን በ1933 ካምብሪጅ ላይ በሰጠው ሌክቸር ስለ አንድ ግጥሙ ሲያወራ፣ ሁለቱ አንጓዎች በእግሬ ስሄድ ድንገት መጡልኝ፣ አንዱ ከሻይ በኋላ ትንሽ ሳባብለው መጣ፣ የቀረውን አንዱን ግን 13 ጊዜ ጽፌ ለማስተካከል ከዓመት በላይ ፈጀብኝ ብሏል፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ግን አልነገረንም። ግጥሙን ያነበበ ሰው ራሱ ይሞክር፣ እኔ መለየት አልቻልኩም። ልጁም የመጡለትን ስንኞች ደስ ብሎት ይቀበል፣ ሦስተኛውን ግን ቁጭ ብሎ ይሥራው፣ ግጥሙ ጥሩ ስለሆነ ነው እንዲህ የምጨቀጭቀው።