«አንድ ድክመት ጨምሩበት» አሉን ደግሞ

ሰረዝ፦ ትናንት በልብወለድ ውይይቱ ላይ አንዱ ተናጋሪ «ሁሉን የሚችል ገጸ ባሕርይ አይታመንም፤ አንድ ድክመት ጨምሩበት» ብሎ ጭብጨባውን ወሰደ። ጨምሩበት! ሰውየው የሚሞላ ቅጽ ነው እንዴ?

ቀይ ብዕር፦ ቀልዱን ተወውና መልስ። ሳይሳሳት የሚያሸንፍን ማን ያምናል?

ሰረዝ፦ ድክመቱ ከየት ይምጣ ነው ነገሩ። 52 የመጫወቻ ካርታ በቅደም ተከተል የሚሸመድድ ሰው ጻፍክ እንበል። እግሩን ብታስነክሰው ለትውስታው ምን አገባው? ሥራውን እየው፦ ካርታዎቹን ወደ ምስል ይለውጣል፤ ምስሎቹን በሚያውቀው ቤት ውስጥ በተራ ያስቀምጣል፤ በሩ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ መስኮቱ ላይ። ያንኑ ቤት ቶሎ ከደገመው የቀድሞው ምስል ገና አልለቀቀም። ወንበሩ ላይ ሁለት ሰው ተቀምጦ ያገኛል። የትኛው ነው የአሁኑ? ስህተቱ ከችሎታው ከራሱ ወጣ።

ወለላ፦ እውነተኛውንስ ምን ልትሉት ነው? በ2016 የቼዝ ተጫዋቹ ቲሙር ጋሬየቭ ዓይኑን ተሸፍኖ ከ48 ሰው ጋር ባንዴ ቼዝ ተጫወተ፤ ያውም የማይንቀሳቀስ ብስክሌት እየነዳ።

ቀይ ብዕር፦ ብስክሌቷን ልብወለድ ውስጥ ብታመጪያት እሰርዛታለሁ። «በእውን ሆኗል» መከላከያ አይደለም። አርስቶትል ነግሮናል፦ ከማያሳምን የሚቻል ነገር የሚያሳምን የማይቻል ነገር ይመረጣል።

ሰረዝ፦ 35 አሸነፈ፣ 7 አቻ ወጣ፣ 6 ተሸነፈ። የሚያሳምነው 6ቱ ነው።

ቀይ ብዕር፦ አየህ! ራስህ ጨመርክበት።

ሰረዝ፦ ማን ጨመረ? ጨዋታው ያመጣው ነው!

ደጀን፦ የልብወለዱ መርማሪ ሼርሎክ ሆልምስስ? በ1887 ብቅ ሲል ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር አያውቅም ነበር፤ ታሪኩን የሚተርከው ጓደኛው ዋትሰን ጉድ ብሏል። ከሥራው ጋር የማይገናኝ ድክመት፣ ግን ሠራ።

ወለላ፦ የሥነ ጽሑፍ ዕውቀቱም «ባዶ» ተብሎ ነበር፤ በኋላ ጥቅስ ሲጠቅስ አላገኘነውም? ድክመቱ ተረሳ፣ ሰውየው ግን እንደታመነ ቀረ። እምነታችንን የያዘው ተራኪው ዋትሰን ነው። ሆልምስ ጭንቅላት ውስጥ አንገባም። መደምደሚያውን ቀድመን ሰምተን እንደነግጣለን፤ ከዚያ ልብሱ ላይ ያለውን ጭቃ ያሳየናል። ጭቃውን አስቀድመው፣ ምንም አያስደንቅም።

ደጀን፦ ሆልምስን ባትነኩብኝስ።

ቀይ ብዕር፦ እንግዲህ «ተራኪ ጨምሩበት» ሆነ?

ሰረዝ፦ ይቺን ቃል ከአፍህ የሚያወርድልህ ይፈለግ።

ደጀን፦ ቆይ፣ ብስክሌቷ ግን ምን አደረገችህ?

ቀይ ብዕር፦ ድንገት ከመጣች ጌጥ ናት። ከ18 ሰዓት በላይ ለሚጫወት ሰው ሰውነቱ እንዳይደነዝዝ መሆኑ ቀድሞ ከገባኝ እተዋታለሁ።

ሰረዝ፦ እና ምክንያት ጨምሩበት ነው የምትለው?