ፊደል በማቀያየር የሚመሠረቱ የእንግሊዝኛ ቃላትን እንዴት ላስተምር?

በደሴ ከተማ ሆጤ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ፊደላትን አቀያይሮ ቃል የመመሥረት ልምምድ ላይ ስለተቸገርሁ፣ በሙያው የቆያችሁ መምህራን እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ትምህርቱን በአማርኛ ስጀምር ልጆቹ ወዲያው ገባቸው፤ «ቀረበ» ሲቀያየር «ቀበረ» እና «በረቀ» ይሆናል፣ እያንዳንዱ ፊደልም የትም ቢቀመጥ ድምፁን ይዞ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ ግን ኢ፣ ኤ እና ቲ የተባሉት ሦስት ፊደላት በአንድ አደራደር «ኢት» ተብለው መብላትን፣ በሌላው «ቲ» ተብለው ሻይን፣ በሦስተኛው ደግሞ «ኤይት» ተብለው ያለፈውን «በላ» የሚለውን ሲያመለክቱ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ኢ ራሱ ሳይነበብ የ«ኤ»ን ድምፅ ስለሚለውጥ ልጆቹ ግራ ይጋባሉ። የሻይ ስም ከፊደሉ ስም ጋር መመሳሰሉም ችግሩን አብሶታል።

ከሁሉ የከበደኝ ኤስ፣ ቲ፣ ኦ እና ፒ ናቸው። አራቱ ፊደላት በ24 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ፤ እኔ የማስተምረው ግን ስድስቱን ብቻ ነው፦ «ስቶፕ» ማቆም፣ «ስፖት» ነጠብጣብ ወይም ቦታ፣ «ፖስት» ምሰሶ፣ «ፖትስ» ማሰሮዎች፣ «ቶፕስ» አናቶች፣ «ኦፕትስ» ይመርጣል። የመጨረሻውን አንድም ልጅ አላገኘውም።

ልጆቹ 24ቱንም ሳይጽፉና በቃል ሳይሸመድዱ ትርጉም ያለውን አደራደር የሚለዩበት፣ ለምሳሌ አብረው የሚሄዱ ተነባቢዎችን አስቀድሞ በማሳየት የሚጀምር፣ የሞከራችሁት ዘዴ ካለ ብትገልጹልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።